የማንበላውና ያልለመድነው አንድ አይደሉም

በሰው አገር ከሚኖሩ ወገኖቼ ጋር ስለ ምግብ ስንጫወት ቶሎ የሚመጣው አባባል «የእነሱ ምግብ አይበላም» የሚለው ነው። ይህን አባባል አልወደውም፤ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ላይ ይጨፈልቃል። አንዱ እምነታችን ወይም ጤናችን የሚከለክለን ነው፦ የአሳማ ሥጋ፣ በጾም ቀን ሥጋና ወተት፣ ለሙስሊም ወገኖቻችን ሐላል ያልሆነ ሥጋና አልኮል። ሌላው ደግሞ አፋችን ያልለመደው ብቻ ነው፦ ሽታው የሚከብድ አይብ፣ ጥሬ ዓሣ፣ የወይራ ፍሬ፣ ኪምቺ የሚባለው የኮሪያ ጎመን። የመጀመሪያውን ሳታፍሩ ጠብቁት። ለሁለተኛው ግን ዕድል ስጡት። ሁለቱን ሳይለዩ ሁሉንም ገፍተው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ርቀው ብቻቸውን እየበሉ ዓመታት ያሳለፉ ሰዎች አውቃለሁ። በኋላ «እዚህ አገር ሰው የለም» ሲሉ ስሰማ ያሳዝነኛል፤ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ገበታ ዙሪያ ነውና።

የማትበሉትን የመናገሪያው ጊዜ ግብዣው ሲደርሳችሁ ነው፤ ማዕዱ ከቀረበ በኋላ አይደለም። በአውሮፓም በሰሜን አሜሪካም ቀድሞ የተነገረው ጋባዥ ደስ ይለዋል እንጂ አይቀየምም። ቅር የሚለው ሲደክምበት የዋለው ምግብ ሳይነካ ሲመለስ ነው። ለጾም «ቪጋን» የተባለውን ፈልጉ፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለበትም። «ቬጀቴሪያን» የተባለው አይብና እንቁላል ሊኖረው ይችላል።

ዓይን የማያየው ነገርም አለ። ብዙ ለስላሳ ከረሜላዎች የሚሠሩበት ጄላቲን ከአሳማ ወይም ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው። የሜክሲኮ ምግብ ቤት የሚያቀርበው የተፈጨ ባቄላ በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል። የፈረንሳይ ወጦች ብዙ ጊዜ ወይን ይገባባቸዋል። በጀርመን ደግሞ ዳቦ ላይ ተቀብቶ፣ ጥሬ ሽንኩርት ተነስንሶበት የሚቀርብ «ሜት» የሚባል ቀይ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ አለ። ክትፎ የናፈቀው ኢትዮጵያዊ ሲያየው እጁ መዘርጋቱ አይቀርም፤ ሥጋው ግን የአሳማ ነው። ስለዚህ ጠይቁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ማንኛውም ምግብ ቤት 14 ዓይነት አለርጂ የሚያስነሡ ነገሮች በምግቡ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ከእነዚህ መካከል ናቸው። አስተናጋጁ ለጥያቄ የለመደ ነው።

አሁን ወዳልለመድነው ልምጣ። አዲስ ምግብ ስትቀምሱ ምግቡን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሁኑ፤ በምን እንደሚበላ ይነግራችኋል። በጥቂቱ ጀምሩ፤ በመጀመሪያው ቀንም አትፍረዱ። ኪምቺን የሚሸሽ ሐበሻ ግን አይገባኝም፤ እንደ እንጀራችን በመብላላት የኮመጠጠ ምግብ ነው።

በጥሬ ምግብ ላይ ግን ጥንቃቄ እመክራለሁ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በጥሬው የሚበላ ዓሣ በአብዛኛው ጥገኛ ትሎችን ለመግደል ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያንስ ለ24 ሰዓት መቀዝቀዝ አለበት። በጥሬ ዓሣ የሚሠራው የጃፓን ሱሺ ጣፍጧችሁ እቤት ልሥራ ብትሉ ከሱፐርማርኬት በተገዛ ተራ ዓሣ አትሞክሩት። ሌላው የራሳችን ጉዳይ ነው። የሱፐርማርኬት የተፈጨ ሥጋ ገዝታችሁ ክትፎ አታድርጉት። ሥጋ ሲፈጭ በገጽታው ላይ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይደባለቃል፤ የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣናት የተፈጨ የከብት ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይብሰል የሚሉት ለዚህ ነው። በተለይ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋውያን አትስጡ።

ከምግቡ ይልቅ ወገኖቻችንን የሚያስርባቸው ይሉኝታ ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ «ጠግቤአለሁ» ይላል፤ ባለቤቷ «በሞቴ» ትላለች፤ እንግዳው እንደገና እምቢ ይላል፤ በመጨረሻ ይበላል። በጀርመን፣ በስዊድን፣ በአሜሪካ ይህ የለም። አንዴ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ካላችሁ ሳህኑ ያልፋችኋል፤ ያልፈለጋችሁትን አለማስገደድ ለእነሱ አክብሮት ነው። ስለዚህ ከራባችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» በሉ። ያስቀየማችሁት ሰው አይኖርም። በቻይና ነገሩ ይገለበጣል፤ ሳህናችሁን ሙልጭ አድርጋችሁ ከጨረሳችሁ ጋባዡ አልጠገቡም ብሎ ሊጨምርላችሁ ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አረብ አገሮች የምትኖሩ ደግሞ የቡናውን ሥርዓት ልታውቁት ይገባል። ፍንጃሉ በትንሹ ይቀዳል፤ ይህ ንፉግነት አይደለም። ስትጨርሱ እንደገና ይቀዳላችኋል፤ የሚበቃችሁ ከሆነ ባዶውን ፍንጃል ወዝወዝ አድርጋችሁ መልሱ። ዝም ካላችሁ መቅዳቱ ይቀጥላል።

የመብያው ሥርዓት በቀላሉ ይለመዳል። በጃፓን ቾፕስቲክ የሚባሉትን ሁለት የመብያ እንጨቶች ሩዝ ላይ ሰክታችሁ አታቁሙ፤ ምግብንም ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ አትቀባበሉ። ሁለቱም የቀብር ሥርዓታቸውን ያስታውሳሉ። በኮሪያ ታላቅ ሳይጀምር አይበላም፤ መጠጥም በሁለት እጅ ይቀበሉታል፤ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአውሮፓ ሹካና ቢላውን ጎን ለጎን አጋድማችሁ ሳህኑ ላይ ስታስቀምጡ ጨርሻለሁ ማለት ነው።

ስለ ሒሳብ ጥቂት ልበል። «እንብላ» ብሎ የጠራችሁ ሁሉ ይከፍላል ብላችሁ አትሂዱ። በጀርመን አስተናጋጁ ሒሳቡ አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ ብሎ ይጠይቃል፤ ለየብቻ መክፈል የተለመደ ነው፤ ስስትም አይደለም። በጃፓን ቲፕ አይሰጥም። በአሜሪካ ግን ቲፕ ችሮታ አይደለም። በፌዴራል ሕግ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ ቀጣሪው እንዲከፍል የሚገደድበት ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፤ አብዛኞቹ ግዛቶች ከዚያ ከፍ ቢያደርጉም፣ በዚሁ የቀሩም አሉ። ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሰጠው ስለዚህ ነው። ከእነዚህ አስተናጋጆች ብዙዎቹ የእኛው ልጆች መሆናቸውን አትርሱ።

የተጋበዘ ደግሞ ይጋብዛል። እንግዶቻችሁ ከመምጣታቸው በፊት በእጅ እንደሚበላ ንገሯቸው፤ ሹካም አስቀምጡ፤ በርበሬ ያልበዛበት አንድ ወጥ አይጥፋ። ጉርሻ ከማቅረባችሁ በፊት ጠይቁ፤ በሌላ ሰው እጅ መጉረስ የማይዋጥለት ብዙ ነው። ቡና ስትቆሉ መስኮት ክፈቱ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ደወል ሕንፃውን በሙሉ ሊያስወጣ ይችላል። እናንተም የማይበሉትን አስቀድማችሁ ጠይቋቸው። በተለይ ሴሊያክ የተባለው በሽታ ላለበት ሰው «እንጀራ ጤፍ ስለሆነ አይጎዳህም» ብላችሁ አትፍረዱ። በሽታውን የሚቀሰቅሰው በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይደባለቅበታል። ከጋጋሪዋ ሳታረጋግጡ ለእንዲህ ያለው እንግዳ እንጀራ አታቅርቡ፤ ሩዝ ቀቅሉለት።