ከሮም ደርሶ መልስ፦ ስለ ትንንሾቹ የጣሊያን ከተሞች ለጠየቃችሁኝ

ሮም መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። የዕረፍት ቀኔን የማሳልፈው በባቡር ገጠር ገጠሩን እየዞርኩ ነው። ጥያቄ ያለው ወዲህ ይበል ብዬ ነበር፤ ጎረፈ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ሰዓት የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን በፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ሮም የምቆየው ሦስት ቀን ብቻ ነው። አንዷን ቀን ወጣ ልበል ብል የት ትልከኛለህ?

ኦርቪዬቶ። ከተርሚኒ፣ ከሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ በቀጥታ የሚሄድ ባቡር አለ፤ ርካሹ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ከጣቢያው ስትወጣ ፊት ለፊት በገመድ የሚጎተት ትንሽ ባቡር ታገኛለህ። እሱ ነው ሽቅብ የሚያወጣህ። ከተማዋ ያለችው አምባ ላይ ነው። አምባ ስልህ የአገራችንን አምባ አስብ፤ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ።

ካቴድራሉን ሁሉም ያየዋል፤ ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1290 ነው፣ ፊቱ ያምራል። እኔ ግን የምወደው ጉድጓዱን ነው። በ1527 ሮም ስትዘረፍ የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 7ኛ ሸሽቶ እዚህ ገባ። አምባ ጠላት ይከለክላል፤ ውሃ ከሌለው ግን ወጥመድ ነው። ስለዚህ ጉድጓድ አስቆፈረ። 53 ሜትር ይወርዳል፣ 248 ደረጃ አለው። ብልሃቱ ደረጃው ሁለት መሆኑ ነው። ሁለቱ እንደ ገመድ ተጠማዘው ይወርዳሉ፣ የትም አይገናኙም። ባዶውን የሚወርደው በቅሎ ውሃ ተጭኖ ከሚወጣው ጋር አይጋፋም። ሥራው ያለቀው በ1537 ነው። ጳጳሱ ግን በ1534 ሞቷል።

ስትወርድ ቀላል ነው። ስትወጣ ታስታውሰኛለህ።

ጥያቄ፦ በዚያው ቺቪታ ዲ ባኞሬጆን ጨምሬ ማየት እችላለሁ?

ትችላለህ፤ እኔ ግን አልመክርም። ከኦርቪዬቶ ባኞሬጆ የሚሄደው አውቶቡስ በቀን ጥቂት ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ እሁድ ደግሞ የለም። አንዱን ሳታይ ለሌላው ትሮጣለህ። አንድ ቀን ለአንድ ከተማ በቂ ነው። ሌላ ቀን ካለህ ግን ሂድ። ጣሊያኖች «የምትሞተው ከተማ» ይሏታል፤ የቆመችበት አፈር እየተናደ ነው። በእግረኛ ድልድይ ነው የሚገባው፣ መግቢያም ያስከፍላል። ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባት ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ጥያቄ፦ ባቡር ላይ ምን ልጠንቀቅ?

የወረቀት ቲኬት ከገዛህ ከመሳፈርህ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለችው ማሽን አስመታው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሳላስመታ ገብቼ ተቀጥቻለሁ። ቲኬት በእጄ ይዤ! ሌላው «ሾፔሮ» የሚል ማስታወቂያ ነው። የሥራ ማቆም አድማ ማለት ነው። በሥራ ቀን ከሆነ ከጠዋቱ 12 እስከ 3፣ ከምሽቱም 12 እስከ 3 ሰዓት ድረስ የተወሰኑ ባቡሮች እንዲሠሩ ይደረጋል፤ ጉዞህን በዚያ አስተካክል።

ጥያቄ፦ መኪና ብከራይስ?

ለቶስካና መንደሮች ጥሩ ነው። ግን «ዜታ ቲ ኤሌ» የሚል ምልክት ካየህ አትግባ። የድሮው ከተማ ክልል ነው፣ ለነዋሪ ብቻ። ካሜራው ዝም ብሎ ያነሳሃል፤ ቅጣቱ ወር አልፎ፣ ጉዞውን ረስተኸው ሳለ ይመጣል።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። ገዳም ትወዳለች። የት ልውሰዳት?

እህቴ፣ ሱቢያኮ ውሰጃቸው። ከፖንቴ ማሞሎ የሜትሮ ጣቢያ አውቶቡስ አለ። ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሦስት ዓመት ብቻውን የኖረበት ዋሻ እዚያ ነው፤ ገዳሙ ከገደሉ ጋር ተጣብቆ ነው የተሠራው። እናትሽ አገር ቤት ያሉትን የዋሻ ገዳማት ካዩ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግሽም። ውስጥ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሥዕል አለ፤ አክሊለ ብርሃን የለውም። ገና በሕይወት ሳለ ነው የተሣለው ይባላል። ዳገቱ ግን ለጉልበት ከባድ ነው፤ ከከተማው በታክሲ ውጡ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚያው አጠገብ አፊሌ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ግራዚያኒ የተቀበረው እዚያ ነው። በ2012 በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ሠርተውለታል፤ ጣሊያን ውስጥም ብዙ ሰው ተቃውሞታል። የ1937ቱን የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ለማንም ማስታወስ አያሻም። በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በመቶዎች የተረሸኑትም በእሱ ትእዛዝ ነው። ከሱቢያኮ መነኮሳት ቤት ወጥቶ ወደ እሱ ዘንድ መሄድ እኔ አልቻልኩም። ሄዶ ማየት የሚፈልግ ግን አለ፤ አልፈርድም።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ የእኛ ታሪክ ያለበት ሌላ ቦታ አለ?

ባቡር ከመያዝህ በፊት አለ። ከተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ» ነው። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሳቸው ወታደሮች ናቸው። ሺህ ጊዜ ቲኬት ልቆርጥ አልፌበት ትርጉሙን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ጥያቄ፦ ጾም ላይ ነኝ። ፆሜን አላድርም መቼም?

አታድሪም። ፒሳ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ የሚባል ቅጠልና ዘይት ብቻ ነው፤ ስሙ የባሕር ቢመስልም ዓሣ የለበትም። ስታዢ «ሴንሳ ፎርማጆ» በዪ፣ ያለ አይብ ማለት ነው። ሰዓቱን ግን ልብ በዪ። በትንንሽ ከተሞች ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ምሳ ቤቱ ሁሉ ይዘጋል፤ እስከ ምሽት የሚከፍትልሽ የለም።

ጥያቄ፦ ጣሊያንኛ ምንም አልችልም፤ ይቸግረኛል?

ፌርማታ ታውቅ የለ? ፒያሳስ? ባንኮኒስ? ግማሹን ይዘህ ነው የምትመጣው። ማኪያቶ ብቻ ነው የሚያሳፍርህ። እዚህ ማኪያቶ ካልክ በትንሿ ስኒ ጥቁር ቡና፣ ጠብታ ወተት ጣል ተደርጎበት ነው የሚመጣው። የእኛን ዓይነት ወተት የበዛበት ካማረህ ካፑቺኖ በል። ባንኮኒው ጋ ቆመህ ጠጣው፤ ከተቀመጥክ ዋጋው ሌላ ነው።