ዶሊ ፓርተን ለምን አልተረሳችም? ለጠየቀው ወንድማችን

ወንድሜ፣ «ዶሊ ፓርተን ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ሳትረሳ ቆየች? ዊጉና ሜካፑ ነው ወይስ ሌላ ነገር አላት?» ብለህ ጠይቀሃል። ለማያውቃት፣ ዶሊ አሜሪካዊት የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) ዘፋኝ ናት። እኔ የምኖረው የካንትሪ ከተማ በምትባለው ናሽቪል፣ ቴነሲ ነው። ለዓመታት ታክሲ ስነዳ ስለ እሷ ያልሰማሁት ወሬ የለም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ድምፅ ብቻ አይመስለኝም። ናሽቪል ቆንጆ ድምፅ ሞልቷል፤ ቢራ የሚያቀርብልህ ልጅ ሲያንጎራጉር ብትሰማው ትደነግጣለህ። ዶሊን ያቆያት ብዕሯ ነው። ዘፈኗን ራሷ ትጽፋለች፤ የጻፈችውን ደግሞ አሳልፋ አትሰጥም።

ከ1967 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) በዘፋኙ በፖርተር ዋጎነር የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ትዘፍን ነበር። ከሕዝብ ጋር በደንብ ያስተዋወቃት እሱ ነው፤ ብቻዋን ልሥራ ስትለው ግን አልዋጥልህ አለው። ብትነግረው አልሰማ ሲላት ዘፈን ጽፋ ቢሮው ሄዳ ዘፈነችለት። «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» እሱ ነው። ብዙዎቻችን ለፍቅረኛ የተዘፈነ ይመስለናል፤ ለካ ለአለቃ የተጻፈ መሰናበቻ ነው! ሰውየው አለቀሰ፣ ለቀቃትም።

ዘፈኑ በ1974 ከወጣ በኋላ ኤልቪስ ፕሪስሊ ልዝፈነው አለ። አስበው፣ ኤልቪስ! ማናጀሩ ኮሎኔል ፓርከር ግን ከዘፈኑ መብት ግማሹን ካልሰጠሽ አይሆንም አላት። እምቢ አለች። ሌሊቱን ስታለቅስ እንዳደረች ራሷ ተናግራለች። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን «ዘ ቦዲጋርድ» ፊልም ላይ ስትዘፍነው አሜሪካ ውስጥ ለ14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። የደራሲነቱ ገንዘብ የት እንደገባ መቼም አይጠፋህም።

ሌላው ድህነቷን አለመደበቋ ነው። በ1946 ቴነሲ፣ ሴቪየር ካውንቲ ተራራ ሥር ተወለደች፤ ከ12 ልጆች አራተኛዋ ናት። አባቷ ያዋለዳትን ሐኪም የከፈለው በገንዘብ ሳይሆን አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ሰጥቶ ነው። እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ካፖርት ሰፍታላት፣ እየሰፋችም የዮሴፍን ታሪክ እየነገረቻት፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ ልጆቹ ሳቁባት። ይህን በ1971 በወጣው «ኮት ኦፍ ሜኒ ከለርስ» ዘፈኗ ተረከችው። ድሪቶ ለብሶ ያደገ ሰው ትርጉም አያስፈልገውም።

ስለ ዊጉ፣ ልጅ እያለች መንደሩ ሁሉ የሚያማት የተኳኳለች ሴት ነበረች። ለዶሊ ግን ከእሷ የሚያምር ሰው አልነበረም፤ አለባበሷን የቀዳችው ከእሷ ነው። በራሷ ላይ ቀድማ ስለምትቀልድ የሚያሾፍባት ሰው ወሬ ያልቅበታል።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። ልጃችን እንደተወለደች አስመዘገብናትና በየወሩ አንድ የልጆች መጽሐፍ በፖስታ ይመጣላት ጀመር፣ በነጻ፣ በስሟ። ያኔ ቤታችን ውስጥ የነበረው መጽሐፍ ቅዱስና የእኔ የመንጃ ፈቃድ ማጥኛ ብቻ ነው። ባለቤቴ ለልጅቷ ስታነብ የራሷ እንግሊዝኛም ተፈታ። መጽሐፉን የሚልከው ዶሊ በ1995 በትውልድ ካውንቲዋ የጀመረችው ድርጅት ነው። አባቷ ማንበብ ስለማይችል ነው ያቋቋመችው። በ2004 ቴነሲን በሙሉ አዳረሰ፤ ዛሬ ከአሜሪካም ውጭ ይሠራል፣ ከ200 ሚሊዮን በላይ መጽሐፍ አድሏል። እኔን ዘፈኗን እንድሰማ ያደረገኝም ይኸው ነው፤ ከዚያ በፊት ካንትሪ ሲባል የማውቀው ኬኒ ሮጀርስን ነበር፣ እንደ አብዛኛው የእኔ ዘመን ሰው።

በ2016 በትውልድ ካውንቲዋ፣ ጋትሊንበርግ ከተማ አካባቢ ሰደድ እሳት ሲነሳ ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ቤተሰቦች በወር 1,000 ዶላር ለስድስት ወር እንዲሰጥ አድርጋለች። ታክሲዬ ውስጥ በፖለቲካ ሊናከሱ የደረሱ ተሳፋሪዎች ስሟ ሲነሳ ሲስማሙ አይቻለሁ። እሷም ለማን ድምፅ እንደምትሰጥ አትናገርም።

ሁሉ ሥራዋ ወርቅ ነው ማለቴ አይደለም። በ2023፣ በ77 ዓመቷ ያወጣችው የሮክ አልበም እውነቱን ለመናገር አልጣመኝም። መስማት ከፈለግክ ከ1970ዎቹ ጀምር፤ መጀመሪያ የካፖርቱን ዘፈን፣ ቀጥሎ «ጆሊን»ን። አንዲት ሴት ሌላዋን «ባሌን አትውሰጂብኝ» ብላ የምትለምንበት ነው። ግጥሙን ከፍተህ እየተከተልክ ስማው።