ፍጡሬ ብቅ ሲል ይስቃሉ

ጋሼ፣

ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው የምጽፍልዎ። አሥራ ሁለት ዓመት አስፈሪ ልብ ወለድ ስጽፍ ኖሬአለሁ። አራት መጻሕፍት አሳትሜአለሁ። «መብራት አጥፍቼ መተኛት አቃተኝ» ብለው የሚጽፉልኝ አንባቢዎች አሉኝ። «ቁም ነገር የምትጽፊው መቼ ነው?» የሚሉኝም አሉ፤ እነሱን ለምጃቸዋለሁ።

ያልለመድኩት አዘጋጁን ነው። ሦስተኛ መጽሐፌን ራሴ ወደ ተውኔት ቀየርኩት። በተደፈነ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚኖር ፍጡር ነው። መጽሐፉ ላይ እሱን ለመግለጽ ብቻ ስድስት ገጽ ፈጅቶብኛል። አዘጋጁ ግን ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ «ፍጡሩ አይታይ» ይለኛል። የኔ ፍጡር! ያለ እሱ ታሪኩ ምን ይቀረዋል? እምቢ አልኩ። ተዋናዩ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ሜካፕ ተቀብቶ ይወጣል። ተመልካቹ ይስቃል። አዘጋጁ «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን ያየኛል። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የሱ ነው እላለሁ። መብራቱን ያደምቀዋል፣ ተዋናዩን ያጣድፈዋል፣ ሙዚቃውን ያለቦታው ያስገባዋል። መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ሳቁን እቆጥራለሁ። መብራት ጠፍቶ በጨለማ ከጨረሱበት አንድ ምሽት በስተቀር ያልተሳቀበት ቀን የለም።

አሁን ቴአትሩ በድጋሚ ሊታይ ነው። አዘጋጁ ሳያማክረኝ ሦስት ትዕይንት ቆርጧል። ስጠይቀው «የተፈራረምነው ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። የለም። ወዳጄ ስለነበር በቃል ነው የተስማማነው። የሚያናድደኝ ግን እሱ አይደለም፤ ፍጡሩን አለመረዳቱ ነው።

ስሜን ከፖስተሩ ላይ ላስነሳ አስቤአለሁ። ምን ይሉኛል? ሌሊት ሌሊት የሚያባንነኝ ግን ሌላ ነው። ጋሼ፣ ምናልባት እኔ ድሮም ለመድረክ አልተፈጠርኩ ይሆን?

ሳቅ ቆጣሪዋ


እህቴ፣

መብራት የጠፋበትን ምሽት በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘለልሽው። እኔ ደግሞ እዚያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ፍጡሩ ያን ምሽትም ወጥቷል አይደል? ተዋናዩ ያን ሁሉ ቀለም ተለቅልቆ መድረኩ ላይ ቆሟል። ማንም አላየውም። ማንም አልሳቀም። አዳራሹ የሰማው ትንፋሽ፣ ኮቴ እና ያንቺን ቃላት ነው። ታዲያ ምን ሆኑ? ጮኹ? ወይስ ጸጥ አሉ? አልነገርሽኝም። ሳቅ ስትቆጥሪ ዝምታውን ሳትሰሚው አልቀረሽም። እኔን ያናደደኝ ይኼ ነው።

መጽሐፉ ላይ ስድስት ገጽ ስትጽፊ አንባቢው ያንን ይዞ የራሱን ፍጡር ይሠራል። ሺህ አንባቢ ካለሽ ሺህ ፍጡር አለ፤ እያንዳንዱ በባለቤቱ ፍርሃት ልክ የተሰፋ። መድረክ ላይ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጫማው ይታያል። ሰው ትንፋሹን ይዞ ቆይቶ የፈራው ነገር ጎማና ቀለም መሆኑን ሲያይ እፎይ ይላል። እፎይታው በሳቅ ይወጣል። ስድብ አይደለም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፈርተው እንደነበር ነው የሚነግርሽ።

የሱዛን ሂል «ጥቁር ለባሿ ሴት» እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ የሙት መንፈስ ልብ ወለድ ነው። ስቴፈን ማላትራት በ1987 እንግሊዝ አገር ስካርቦሮ ውስጥ ለሚገኝ ቴአትር ቤት ወደ ተውኔት ሲቀይረው በቂ ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ያን ሁሉ ገጸ ባሕሪ በሁለት ተዋናዮች አስነገረው። ጋሪው ቅርጫት ነው። ውሻው ጭራሹን የለም፤ ተዋናዩ አየሩን ይደባብሳል፣ ተመልካቹ ውሻውን ያየዋል። ሴትዮዋ ራሷ ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ለንደን ውስጥ ከ1989 እስከ 2023 ታየ። እነሱን የገንዘብ እጦት ያስተማራቸውን አንቺን አንድ የመብራት መቋረጥ ሊያስተምርሽ ሞክሮ ነበር።

አዎ፣ ስለ ፍጡሩ አዘጋጁ ልክ ነው። ብትናደጂም ተናደጂ። ሦስት ትዕይንት ሳያማክርሽ መቁረጡ ግን ነውር ነው፤ በቃል መስማማትሽ ደግሞ ያንቺ ስንፍና። ብራም ስቶከር «ድራኩላ» በ1897 ሊታተም ቀናት ሲቀሩት ራሱ ያስተዳድረው በነበረው ቴአትር ቤት መድረክ ላይ አስነብቦታል። ጽሑፈ ተውኔቱን የሠራው የመጽሐፉን የማረሚያ ገጾች በመቀስ እየቆረጠ፣ እየለጠፈ ነው። ጭብጨባ ፈልጎ አይደለም፤ የመድረክ መብቱ ከእጁ እንዳይወጣ ነው። ቴአትር ቤት የኖረ ሰው ወረቀት ወዳጅነትን እንደሚያሰነብት ያውቃል። ድጋሚው ሳይጀመር ቁጭ በሉና ተፈራረሙ። ያለ ፈቃድሽ ምን መቁረጥ እንደማይችል፣ ፈቃዱ ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ከቲኬቱ ገቢ ድርሻሽ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። የተቆረጡትን ትዕይንቶችም በዚያው ተነጋገሩባቸው። ምናልባት አንዱ መቆረጥ ነበረበት።

ስምሽንማ እንዳታስነሺ። ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን በ1818 ስታሳትም ስሟ አልነበረበትም። በ1823 ሌላ ጸሐፊ ወደ ቴአትር ቀየረው፤ እሷም ሄዳ አየችው። የተዋንያኑ ዝርዝር ላይ በፍጡሩ ስም ቦታ የነበረው ባዶ ሰረዝ ነው። ሰረዙን ወደደችው። መጽሐፉ በዚያው ዓመት በድጋሚ ሲታተም ደግሞ የሷ ስም ወጣበት። ፍጡሩ ሰረዝ፣ ደራሲዋ ስም። አንቺ ግን ተገላቢጦሽ ፍጡሩን መብራት ሥር አቁመሽ ራስሽን ልትሰርዢ ነው።

ለመድረክ አልተፈጠርኩ ይሆን ያልሽውን ደግሞ እኔን አትጠይቂኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው በጨለማ ወንበሩ ላይ እስከ መጨረሻው ተቀምጦልሻል። ምንም ሳያይ። መውጫው በሩ እኮ ክፍት ነበር።

ይልቅ አንድ ልምምድ ላይ መብራቱን አስጠፊው። መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጪ፣ ምንም አትቁጠሪ። ፍጡርሽ በድምፅ ብቻ ሲመጣ ምን እንደተሰማሽ ጻፊልኝ። ተዋናዩም ምስኪን፣ ከሁለት ሰዓት ሜካፕ ይገላገላል።