አምሳያ ሽጉጥ በአውቶቡስ ይዞ ስለመሄድ

ወንድማችን የጠየቀው ይህን ነው፦ ለአጭር ፊልም የሚያስፈልጉት ሁለት የኤርሶፍት (የፕላስቲክ ፍሬ የሚወረውሩ አምሳያ) ሽጉጦች አዲስ አበባ ባለ ጓደኛው እጅ ናቸው፤ ቀረጻው ሐዋሳ ነው፤ በሕዝብ አውቶቡስ ይዟቸው ቢመጣ ሕግ ይከለክለዋል ወይ? «አሻንጉሊት ስለሆነ ምንም ችግር የለውም» ብለው የመለሱለት ጥቂት አይደሉም። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ለቴአትርና ለፊልም ቡድኖች ቁሳቁስ በማዘጋጀት ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ አምሳያ መሣሪያም በዚሁ መንገድ አመላልሻለሁ። ያንን መልስ አምኖ ማንም እንዲሳፈር ስለማልፈልግ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

ዋናውን ላስቀድም። ከፖሊስ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ወይም የትብብር ደብዳቤ በእጅህ ከሌለ፣ እንደ ተከለከለ ቁጠረውና አትሳፈር። ደብዳቤው ካለህ ደግሞ በአግባቡ አሽገህ፣ ከመፈተሽህ በፊት ራስህ ተናግረህ ማለፍ ይቻላል፤ እኔም ያለፍኩት እንዲህ ነው።

በአገራችን ጉዳዩን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አዋጁ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መታጠቅን ብቻ ሳይሆን ከውጭ ማስገባትን፣ ከቦታ ቦታ ማዘዋወርንና መሸጥንም ይከለክላል፤ የመቆጣጠሩንም ኃላፊነት ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። ኤርሶፍት ባሩድ የለውም። በስፕሪንግ፣ በባትሪ ወይም በታመቀ ጋዝ ኃይል 6 ሚሊሜትር የሆነች ክብ የፕላስቲክ ፍሬ የሚወረውር መጫወቻ ነው። ስለዚህ የጦር መሣሪያ አይባልም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ጠበቃ ይዞ ችሎት ፊት የሚቆም ሰው ይህን ቢል አልፈርድበትም። አንተ የምትገናኘው ግን ከዳኛ ጋር ሳይሆን ከሌሊት ጀምሮ ቆሞ ሻንጣ ሲፈትሽ ከዋለ ፖሊስ ጋር ነው። እሱ የሚያየው ጥቁር ሽጉጥ ነው። ባሩድ ይኑረው አይኑረው የሚያጣራው አንተን ከአውቶቡሱ ካወረደ በኋላ ነው፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር።

ደግሞ ይህ ዕቃ ከእውነተኛው እንዳይለይ ታስቦ የተሠራ መሆኑን አትርሳ። ኤርሶፍት የተጀመረው በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጃፓን ውስጥ ነው፤ እዚያ ዜጎች ሽጉጥ መያዝ አጥብቆ ስለሚከለከልባቸው፣ በመልክም በቅርጽም እውነተኛውን የሚመስል ነገር ፈለጉ፣ ተሠራላቸውም። ዛሬ ጥሩ የሚባለው ዓይነት አካሉ ብረት ነው፤ ክብደቱ እውነተኛ ይመስላል፤ ካዝናው ይወጣል ይገባል፤ የላይኛው ክፍል እንደ እውነተኛው ወደ ኋላ ይሳባል። ለቅርብ ቀረጻ የምንወደው ይህንኑ ነው። አውቶቡስ ውስጥ የሚያስጠረጥረንም ይኸው ነው።

«ውጭ አገር እኮ በነጻነት ይዘውት ይሄዳሉ» የሚለው ክርክርም ልክ አይደለም። ጀርመን ውስጥ እውነተኛ መሣሪያ የሚመስል አምሳያ በአደባባይ ይዞ መንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ ባቡር ላይም ሆነ አውቶቡስ ላይ የሚጓጓዘው ተዘግቶ በተቆለፈ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። እንግሊዝ አገር በቂ ምክንያት ሳይኖር አምሳያ መሣሪያ ይዞ በሕዝብ መካከል መገኘት ራሱ ወንጀል ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አምሳያ መሣሪያ ሲሸጥ አፈሙዙ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ምልክት እንዲኖረው የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። ምልክቱ ሲነሳ ምን እንደሚከተል በኅዳር 2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ክሊቭላንድ ከተማ ላይ ታይቷል፤ ብርቱካናማው ጫፍ የተነቀለለት የኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ መናፈሻ ውስጥ ሲጫወት የነበረ የ12 ዓመት ልጅ፣ ፖሊሶች በደረሱ በሰከንዶች ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ለካሜራው ያምራል እያሉ ያንን ጫፍ ጥቁር ቀለም የሚቀቡ ልጆች በከተማችን ስላሉ ነው። እባካችሁ አትቀቡት። ቀረጻው ላይ በጥቁር ፕላስተር ሸፍናችሁ፣ ሲያልቅ ወዲያውኑ አንሱት።

ወደ መንገዳችን ልመለስ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔ በኩል ስትመጣ የት ኬላ ላይ እንደምትፈተሽ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። አንድ ጊዜ ሻሸመኔ ልንገባ ስንል አውቶቡሱ ቆመና ሁላችንም ወረድን፤ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል ተሰለፈ። ሽጉጡ በፕላስቲክ ሳጥን ተቆልፎ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ተራዬ ሳይደርስ ደብዳቤውን ከደረት ኪሴ አውጥቼ በእጄ ያዝኩና «አለቃ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ለቴአትር የምንጠቀምበት አምሳያ ሽጉጥ አለ፤ ደብዳቤው ይኸው፤ ሳጥኑን እርስዎ ይክፈቱት» አልኩት። ቁልፉን ሰጠሁት እንጂ እጄን ወደ ሻንጣው አልሰደድኩም። ከፈተ፤ አነሣው፤ መዘነው፤ ካዝናውን አወጣና በአውራ ጣቱ ሲጫነው ውስጡ የቀሩ ነጫጭ ፍሬዎች አስፋልቱ ላይ ተበትነው ወደ ጎማው ሥር ተንከባለሉ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከማኅተሙ ሥር ባለው ስልክ ደወለ፤ የሽጉጡን መለያ ቁጥር ከደብዳቤው ጋር አስተያየ። ከዚያ «መልካም መንገድ» ብሎ መለሰልኝ። ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ፣ ተሳፋሪው እያጉረመረመ ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ወስዷል።

እስካሁን የማልረሳው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ከባቱ ጀምሮ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ልጆቻቸው ሲያጫውቱኝ የነበሩ እናት፣ ስንሳፈር ዘምቢላቸውን አንሥተው ወደ ኋላ ወንበር ሄዱ። «እማማ፣ አሻንጉሊት እኮ ነው» ብላቸው «ታዲያ ልጄ፣ አሻንጉሊት ከሆነ ለምን እንደ እውነት ይሠሩታል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በእነዚህ ዓመታት በየመንገዱ ስንት ነገር ያየ ሕዝብ ነው አብሮን የሚሳፈረው። በአሻንጉሊት ሽጉጥ አስፈራርተው ዘረፉ የሚል የፖሊስ ዜናም ሁላችንም ሰምተናል። ሕጉ ምንም ይበል ምን፣ እነዚያን እናት ማስደንገጥ መብቴ ነው ብዬ አላስብም፤ ከዚያ ወዲህ ሻንጣዬን ማንም ሳያይ ለብቻ እንዲፈትሹልኝ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ደብዳቤ ሳይዝ የመጣ አንድ ወጣት ባልደረባችን ደግሞ የገጠመው ሌላ ነው። ሽጉጡ ከልብሱ ጋር ተጠቅልሎ በጀርባ ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ የገዛበት ደረሰኝም ሆነ የጉምሩክ ሰነድ የለውም። «ማን አስገባው? ከማን ገዛኸው? ለማን ልታደርስ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ «የጓደኛዬ ነው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። አውቶቡሱ ጥሎት ሄደ፤ ያደረው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ልጁን የጎዳው ከሽጉጡ ይልቅ አብሮት የነበረው ልብስ ነበር፤ ለፊልሙ የተሰፋ ወታደራዊ ሱሪና ኮት በዚያው ቦርሳ ውስጥ ተገኘ። የመከላከያ ወይም የፖሊስ የደንብ ልብስ ያለ ፈቃድ መልበስ ክልክል ነው፤ ከሽጉጥ ጋር በአንድ ቦርሳ ሲገኝ ደግሞ ፊልም ነው ብትል የሚሰማህ የለም። ሁለቱን በአንድ ጉዞ አታምጣ።

ደብዳቤውን በተመለከተ፣ ከማኅበርህ ወይም ከምታጠናበት ተቋም ማመልከቻ ጻፍ፤ ርእሱ፣ የቀረጻው ቦታና ቀን፣ የሽጉጦቹ ብዛት፣ ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ የሚያጓጉዘው ሰው ሙሉ ስም፣ የሚሄድበትና የሚመለስበት ቀን ይኑርበት። የሽጉጦቹን ፎቶግራፍ አያይዝ። መጀመሪያ የባህል ጉዳይ ወደሚመለከተው ቢሮ፣ ከእነሱ ሸኚ ደብዳቤ ይዘህ ወደ ከተማው ፖሊስ መምሪያ ሂድ። የምትነሣው ከአዲስ አበባ ስለሆነ እዚያም ያለው ፖሊስ እንዲያውቀው አድርግ። ማኅተም፣ ቲተርና የሚነሣ ስልክ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ መንገድ ላይ ዋጋ የለውም። ምልልሱ ያሰለቻል፤ ለዚህ ብለህ የቀረጻውን ቀን ብታዘገይ ይሻልሃል። ፖሊስ አልፈቅድም ካለህ ደግሞ መልስህን አግኝተሃል ማለት ነው። ደብዳቤ ቢኖርህም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባለበት ወቅት፣ ወይም በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጫምባላላ የሐዋሳው ጉዱማሌ አደባባይ በሕዝብ በሚሞላበት ሰሞን አትሞክረው።

ስታሽግ ካዝናውን ለይ፤ ፍሬዎቹን በሌላ ከረጢት አድርግ፤ ሽጉጡን በሚቆለፍ ሳጥን ከተህ ሻንጣ ውስጥ አስገባ። በወገብ፣ በኪስ፣ በፌስታል ፈጽሞ አይያዝም። ረዳቱ ሻንጣህን ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢልህ እምቢ በል፤ ሳትኖር ቢከፈት ለመናገር ዕድል አታገኝም። ሐዋሳ መናኸሪያ ከደረስክ በኋላም ባጃጅ ውስጥ ሳጥኑን ከፍተህ ለጓደኞችህ አታሳይ።

ጋዙን ተወው። ለኤርሶፍት የሚሸጠው ጋዝ አብዛኛው ፕሮፔን ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ በዋለ አውቶቡስ ውስጥ እንዲህ ያለ ተቀጣጣይ ነገር ይዞ መሳፈር ለሰው ሕይወት አለማሰብ ነው። ለፊልም እንዲተኩስ አያስፈልግህም፤ ድምፁና ጭሱ በኋላ በኮምፒውተር ይገባል።

«በአውሮፕላን ባመጣውስ?» ብለህም ነበር። በእጅ ሻንጣ ፈጽሞ አይሆንም፤ በዓለም አቀፉ የበረራ ደኅንነት አሠራር አምሳያ መሣሪያም፣ በአየር ግፊት የሚሠራ ሽጉጥም ወደ መንገደኞች ክፍል እንዳይገቡ ከተከለከሉት ውስጥ ናቸው። በሚጫነው ሻንጣ የሚሄደውም አየር መንገዱ አስቀድሞ ከተስማማ ብቻ ነው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ካለ ግን በተቃራኒው ከሚጫነው ሻንጣ ወጥቶ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። ቦሌ ላይ ሻንጣህ የሚፈተሸው ገና በር ላይ ስለሆነ፣ ለአየር መንገዱ ሳትናገር ይዘኸው አትቅረብ።

ተይዘህ ብትገኝ አትጩኽ፣ አትሩጥ፣ ዕቃውን ለማስረዳት ብለህ ከሰው እጅ አትቀበል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለውና ለጉዞ የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህን በትሕትና መጠየቅ መብትህ ነው። ዕቃው ከተወሰደብህም ዝርዝሩ የተጻፈበት ማስረጃ ጠይቅ።

በመጨረሻ፣ ሁለቱም ያስፈልጉሃል ወይ? ብዬ ልጠይቅህ። ስክሪፕቱን እይ። ሽጉጡ ተቀርቦ የሚታይበት ትዕይንት አንድ ከሆነ፣ ያንን አንዱን በደብዳቤ አምጣ። በወገብ የሚታጠቀውንና ከሩቅ የሚታየውን እዚሁ ያለ አናጢ ከእንጨት ቀርጾ ያወጣልሃል፤ ጥቁር ቀለም ከተቀባ በኋላ ጠርዝ ጠርዙን በመጻፊያ እርሳስ ብትፈትገው የብረት መልክ ይይዛል። የሽጉጡን ፎቶግራፍና ልክ ላክልኝና ለአናጢው የሚሆነውን ንድፍ እሠራልሃለሁ።