የጥናትሽን ዳታ ስጪ፣ ግን እንዳለ አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። የማስተርስ ጥናትሽን በጅማ ዞን ጎማና ማና ወረዳ ባሉ ቡና አምራቾች ላይ ሠርተሻል። ጽሑፍሽን የላክሽለት ጆርናል ከገምጋሚዎቹ አስተያየት ጋር «ዳታውን ክፍት ማከማቻ ውስጥ አስቀምጪና ሊንኩን ላኪ» ብሎሻል። አማካሪሽ ደግሞ «ዳታ አይሰጥም፣ ይሰርቁሻል» ብለውሻል። ማንን ልስማ ነው ያልሽው።

ጆርናሉን ስሚ። ፋይሉን ግን እንዳለ እንዳትጭኚው።

እኔ እዚሁ ጅማ የራሴን ዳታ አስቀምጫለሁ፣ ገምጋሚ ሆኜም የሰው ዳታ ከፍቼ አይቻለሁ። የአማካሪሽ ስጋት ያለምክንያት የመጣ አይደለም። በጭቃ ተጉዘሽ፣ የመረጃ ሰብሳቢ አበል ከኪስሽ ከፍለሽ ያመጣሽውን ማንም ቁጭ ብሎ ሲያወርደው ያናድዳል። ግን እኔ ዳታ ሲሰረቅ ያየሁት በፍላሽ ሲዞር ነው። ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል የማን እንደሆነ አይናገርም። ዜኖዶ የሚባለውን እይው። ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል የሚያስተዳድረው ነጻ የኢንተርኔት ማከማቻ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አለ። ስምሽና ቀኑ የተመዘገበበት ዲኦአይ የሚሉት ቋሚ መለያ ይሰጥሻል። ሰው ወስዶ ሳይጠቅስሽ ቢቀር ማስረጃ በእጅሽ ነው። ከዚሁ ዳታ ሁለተኛ ጽሑፍ ለማውጣት ካሰብሽ ፋይሉን እስከ ፈለግሽው ቀን መቆለፍ ትችያለሽ።

እኔን የሚያሳስበኝ የገበሬዎቹ ጉዳይ ነው። ስም አጥፍቻለሁ ብለሻል። ጥሩ። አሁን ከፋይልሽ ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ መስመር እንይ፦ ቀበሌው ተጽፏል፣ ሴት፣ ዕድሜ 58፣ ባሏ የሞተባት፣ የቤተሰብ ብዛት 11፣ የቡና መሬት 4 ሄክታር፣ ብድር አለባት። እዚያ ቀበሌ እንዲህ ያለች ሴት ስንት ትኖራለች? የአጋሮ ቡና ነጋዴ ይህን ቢያይ «እንዴ፣ የእነ እገሌ እናት ናቸው!» ለማለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ዕዳቸውንም አወቀ ማለት ነው። ዋጋ ሲደራደራቸው ምን እንደሚያደርግበት አንቺው ታውቂያለሽ።

ስለዚህ ቀበሌውን ሰርዢና ወረዳው ብቻ ተጽፎ ይቆይ። ዕድሜን በአሥር በአሥር ዓመት ክፈይው። ትልልቆቹን መሬቶች «3 ሄክታርና ከዚያ በላይ» ብለሽ ጠቅልያቸው። የቤቱን ቦታ የሚያሳይ የጂፒኤስ ነጥብ ካለ ጨርሰሽ አጥፊው። ዲኤችኤስ የሚባለው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ ሰው እንዳይታወቅ የከተማ የጂፒኤስ ነጥቦቹን እስከ 2፣ የገጠሮቹን እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሮቹም ከመቶ አንዱን እስከ 10 ኪሎ ሜትር ሆን ብሎ ከቦታቸው ያሸሻል። ያ እንኳ የመንደር ነጥብ ነው። ያንቺ የሰው ጓሮ ነው።

ከዚያ የስምምነት ቅጹን አውጥተሽ አንብቢ። «መልስዎን ከአጥኚዎቹ በቀር ማንም አያይም» የሚል ከሆነ ቃል ገብተሻል። እንዲያ ከሆነ ፋይሉ በጥያቄ ብቻ የሚሰጥ ይሁን፣ ምክንያቱንም ለጆርናሉ ጻፊ። ደህና ጆርናል ይህን ይረዳል። የሥነ ምግባር ኮሚቴውንም አማክሪ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ሰው ሁሉ የሚዘለው ደግሞ የዓምዶቹን ማብራሪያ ነው። ለግምገማ የደረሰኝ አንድ ፋይል ውስጥ «ምርት» የሚል ዓምድ ነበር። 12፣ 40፣ 7፣ 999 ይላል። 12 ምን? ኩንታል ነው ፈረሱላ? አንዱ 100 ኪሎ፣ ሌላው 17 ኪሎ ነው። እሸት ነው፣ ጀንፈል ነው ወይስ የተፈለፈለ? 999ኙ ለካ «መልስ የለም» ማለት ነው፣ አማካዩ ውስጥ ግን ተደምሯል! ቀኑም ግማሹ በኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። ሰዓቱንም አትርሺ። ጠዋት 2፡30 ላይ ያነጋገርሽውን ገበሬ፣ የውጭ ገምጋሚ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ከእንቅልፉ የቀሰቀስሽው ይመስለዋል። መጠይቁንም አያይዢ፣ የእንግሊዝኛውን ብቻ ሳይሆን ገበሬው በትክክል የተጠየቀበትን የአፋን ኦሮሞውን ቅጂ።

አማካሪሽን በተመለከተ ክርክር ውስጥ አትግቢ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን የከፍተኛ ትምህርት የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አሳያቸው። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ምርምር ውጤቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይላል፣ የዳታ አያያዝ ዕቅድም ይጠይቃል። ደግሞ ዳታው ላይ የእሳቸውንም ስም አስገቢ። ግማሹ ተቃውሞ እዚያ ጋ ያልቃል (ይቅርታ አለቆቼ)።

«በአምስት ቀን አወጣልሻለሁ፣ 150 ዶላር» ያለሽን ሌላውን ጆርናል እርሺው። ገምጋሚ ፈልጎ፣ አስነብቦ፣ አሳርሞ በአምስት ቀን የሚጨርስ የለም። ዶአጅ የሚባለው የክፍት ጆርናሎች መዝገብ ውስጥ ስሙን ፈልጊ። እውነተኞቹም ሊያስከፍሉ ይችላሉ፣ ግን ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ ለሚልክ ሰው ክፍያውን ይተዋሉ ወይ ይቀንሳሉ። ይህን ጽሑፉን ስታስገቢ ጠይቂ። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነገሩ ይወሳሰባል።

ቀኑ ካጠረሽ ለኤዲተሩ ጽፈሽ ሁለት ሳምንት ለምኚ። ፋይሉን ከመጫንሽ በፊት ደግሞ መረጃ ከሰበሰቡልሽ የአጋሮ ልጆች አንዱን ጥሪና አሳዪው። «ይቺንማ አውቃታለሁ» ካለ፣ ገና ነሽ።