የዲኤንኤ መባዛትንና የህዋስ ክፍፍልን ለፈተና አጣምሮ ስለማጥናት

ጠያቂያችን የማይቶሲስን (አንድ ዓይነት ልጅ ህዋሳት የሚገኙበት ክፍፍል) እና የሚዮሲስን (የክሮሞዞም ቁጥር በግማሽ የሚቀንስበት፣ የፆታ ህዋሳት የሚገኙበት ክፍፍል) ደረጃዎች በቅደም ተከተል በቃላቸው እንደያዙ፣ ስለ ክሮሞዞም ቁጥርና ስለ ዲኤንኤ መጠን ሲጠየቁ ግን መልሱ እንደሚምታታባቸው ገልጸው የጥናት ዘዴ ጠይቀዋል። ተማሪዎችን ሳስጠና ደጋግሞ የገጠመኝ ችግር ይኸው ነው፤ መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ የማስታወስ ድክመት ሳይሆን ሁለቱን ርዕሶች ነጣጥሎ ማጥናት ነው። በማይቶሲስ የሚለያዩት እህትማማች ክሮማቲዶች፣ ቀደም ሲል በኢንተርፌዝ (በሁለት ክፍፍሎች መካከል ያለው ጊዜ) ውስጥ፣ ኤስ ፌዝ በሚባለው ደረጃ ዲኤንኤ ሲባዛ የተገኙት ቅጂዎች ናቸው፤ ስለዚህ ክፍፍልን ያለ መባዛት ማጥናት ታሪክን ከመሃሉ እንደመጀመር ይሆናል።

በመጀመሪያ ክሮሞዞም የሚቆጠረው በሴንትሮሜር (እህትማማች ክሮማቲዶች በሚያያዙበት ቦታ)፣ የዲኤንኤ ሞለኪውል ደግሞ በክሮማቲድ መሆኑን አጥብቀው ይያዙ። የሰው የአካል ህዋስ በጂ1 (ከኤስ ፌዝ በፊት ባለው ደረጃ) ላይ 46 ክሮሞዞምና 46 የዲኤንኤ ሞለኪውል ሲኖረው፣ ኤስ ፌዝ ካለፈ በኋላ ሞለኪውሎቹ 92 ቢደርሱም ክሮሞዞሞቹ እዚያው 46 ናቸው። በማይቶሲስ አናፌዝ (ክሮማቲዶች ወደ ህዋሱ ተቃራኒ ጫፎች በሚሳቡበት ደረጃ) ሴንትሮሜሮቹ ሲለያዩ ክሮሞዞሙ ለአጭር ጊዜ 92 ይሆንና ለሁለቱ ልጅ ህዋሳት 46 46 ይደርሳቸዋል። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው ሚዮሲስ አንድ (ከሚዮሲስ ሁለት ተከታታይ ክፍፍሎች የመጀመሪያው) ላይ ነው፤ በዚያ የሚለያዩት ጥንድ ክሮሞዞሞች እንጂ ክሮማቲዶች ስላልሆኑ፣ እያንዳንዱ ህዋስ 23 ክሮሞዞም ቢኖረውም የዲኤንኤ ሞለኪውሉ ገና 46 ነው፤ ማለትም የክሮሞዞሙ ቁጥር በግማሽ ቀንሶ ሳለ የዲኤንኤው መጠን በጂ1 ከነበረው ጋር እኩል ነው። ለመለማመድ ያህል፣ በጂ1 8 ክሮሞዞም ያለው ህዋስ ሚዮሲስ አንድን ሲጨርስ በእያንዳንዱ ህዋስ ስንት ክሮማቲድ ይገኛል? ብዙዎች 4 ብለው ይቸኩላሉ፤ መልሱ ግን 8 ነው።

የመባዛቱን ሂደት በተመለከተ የኤንዛይሞችን ስም ከነተግባራቸው በሰንጠረዥ መሸምደድን አልመክርም። ይልቁንም የመባዛት ሹካውን (ሁለቱ የዲኤንኤ ሰንሰለቶች ተለያይተው የሚባዙበትን ቦታ) ባዶ ወረቀት ላይ እየሳሉ፣ የእያንዳንዱን ሰንሰለት ሁለት የተለያዩ ጫፎች፣ የ5′ እና የ3′ ጫፎችን፣ እያመለከቱ፣ በየኤንዛይሙ ላይ «ይህ ባይኖር ምን ይከሰታል?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። አዲሱን ሰንሰለት የሚሠራው ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ ኑክሊዮታይድ (የዲኤንኤ መገንቢያ አሃድ) የሚጨምረው ቀድሞ በተዘረጋ ሰንሰለት 3′ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ፕራይሜዝ አጭሩን የአርኤንኤ መነሻ ካልሠራለት ሥራውን መጀመር አይችልም። ላይጌዝ ከሌለ ደግሞ በተለይ በዘግይቶ ተባዡ ሰንሰለት ላይ የኦካዛኪ ቁርጥራጮች (ይህ ሰንሰለት የሚሠራባቸው አጫጭር የዲኤንኤ ክፍሎች) ሳይጋጠሙ ይቀራሉ። አዲሱ ሰንሰለት የሚያድገው ከ5′ ወደ 3′ ብቻ መሆኑን የተረዳ ሰው፣ አንደኛው ሰንሰለት ያለማቋረጥ፣ ሌላው በቁርጥራጭ የሚሠራው ለምን እንደሆነ ሳይሸመድድ ያስረዳል።

ዲኤንኤ እንዴት እንደሚባዛ ያሳየው የሳይንቲስቶቹ የመሰልሰንና የስታል የ1958 ሙከራም ተወዳጅ የፈተና ርዕስ ነው። በከባድ ናይትሮጅን ያደጉ ባክቴሪያዎች ወደ ቀላል ናይትሮጅን ሲዛወሩ፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ ዲኤንኤው በሙሉ መካከለኛ ክብደት ይኖረዋል፤ ይህ ብቻውን የድሮው ሞለኪውል ሳይነካ ይቀራል የሚለውን ግምት ውድቅ ያደርጋል። በሁለተኛው ትውልድ ግማሹ መካከለኛ፣ ግማሹ ቀላል ይሆናል። ፈታኞች ግን ሦስተኛውን መጠየቅ ይወዳሉ፤ በዚያ መካከለኛው ሩብ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ከባድ ሰንሰለቶች ሳይጠፉ በየትውልዱ ቀላሎቹ ብቻ ይጨምራሉ። ሌላው የተለመደ ጥያቄ፣ የዲኤንኤ ቤዞች መቶኛ ስሌት፣ ብዙ ጊዜ አይፈልግም፤ አዴኒን ከታይሚን፣ ጓኒን ከሳይቶሲን ጋር ስለሚጣመሩ፣ አዴኒን 30% ከሆነ ታይሚንም 30%፣ ጓኒንና ሳይቶሲን ደግሞ እያንዳንዳቸው 20% ናቸው።

ግራፍ ከመጣ፣ መስመሩን ከማየትዎ በፊት ቋሚው ዘንግ የክሮሞዞም ቁጥር ይሁን የዲኤንኤ መጠን ያንብቡ። የህዋስ ሥዕል ከመጣ ደግሞ ክሮሞዞሞቹ በመሃል በጥንድ በጥንድ ከተሰለፉ ሜታፌዝ አንድ (በሚዮሲስ አንድ ክሮሞዞሞች መሃል የሚሰለፉበት ደረጃ) ነው፤ በነጠላ ከተሰለፉ፣ ጥንድ አቻ ያላቸው ከሆነ ማይቶሲስ፣ አቻ ከሌላቸው ሜታፌዝ ሁለት (የሚዮሲስ ሁለተኛ ክፍፍል) ይሆናል።