ሞለኪውሎቹ ተቀጠሉ ወይስ ተቀጣጠሉ?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። «የኤቲሊን ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው ፖሊኤቲሊን ይሆናሉ» ብዬ አስተምሬ (ፖሊኤቲሊን ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው)፣ አንዱ ተማሪ ፈተናው ላይ «ኤቲሊን ሲቃጠል ፌስታል ይሆናል» ብሎ መለሰልኝ። ምን ብል ይሻለኛል? ቀለበት ለሚሠሩት ሞለኪውሎችስ «ክብ ሠሩ» ልበል?

መልስ፦ መምህር፣ በልጁ አይፍረዱበት። «ተቀጣጠለ» የ«ቀጠለ» ልጅ ቢሆንም ዛሬ ማንም ሰው ሲሰማው ቀድሞ የሚታየው እሳት ነው። «ተያያዙ» ልበል ቢሉም እሳቱ እዚያም አለ፤ ጎጆም ይያያዛል። «ተጋጠሙ» ካሉማ የፋሲል ከነማ ደጋፊ ውጤቱን ይጠይቅዎታል። «ተቀላቀሉ» ጨውና አሸዋም ይቀላቀላሉ፣ ግን አዲስ ነገር አይወጣቸውም። «ተዋሐዱ» ስሕተት የለበትም (የጎንደር ሊቃውንት በዚህ ቃል ስንት ጉባኤ ተከራክረውበታል!)፤ ሆኖም ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ውሃ ሲሆኑም ተዋሐዱ ስለምንል የሰንሰለቱን ርዝመት አያሳይም።

እኔ ወደ ሸማኔው እሄዳለሁ። ድር ሲበጠስበት ይቀጥለዋል፤ ፈታይዋም ባዘቶ እየጨመረች ክሯን ትቀጥላለች። ስለዚህ «እርስ በርስ እየተቀጠሉ» ይበሉ፤ እሳቱ ከቃሉ ይወጣል። ኤቲሊንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ካርቦኖቹን ካሰረው ድርብ ትስስር አንዱ ይፈታና በተፈታው እጅ ጎረቤቱን ይይዛል። የፈታይዋ ጥጥ ራሱ ሴሉሎስ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ግሉኮስ፣ በየመገናኛው አንድ የውሃ ሞለኪውል እየጣለ፣ ተቀጥሎበታል።

ለሁለተኛው፣ «ክብ» ይተዉት፤ የቤንዚን ቀለበት ስድስት ማዕዘን እንጂ ክብ አይደለም። (ይህ ቤንዚን መኪና ላይ የሚቀዳው አይደለም፤ ለዚህ ሲሉ «ቤንዞል» ወይም «ቤንዚን ቀለበት» እያሉ ቢለዩት አልቃወምም።) «ቀለበት ሠሩ» ወይም «ጫፍና ጫፋቸው ገጠመ» ይበሉ። የገጠመው ጫፍ ስለሆነ ኳሱም አይነሣም። በያጆች የሚያነዱት አሴቲሊን ሦስት ሞለኪውሉ ሲገጥም ያንኑ ቤንዚን ይሰጣል።

የእንዲህ ያለ ረጅም ሰንሰለት መጠሪያ የሆነውን «ፖሊመር»ን ግን አይተርጉሙት። ስዊድናዊው በርዜሊየስ እ.ኤ.አ. በ1833 ሲያወጣው የንጥረ ነገሮቻቸው ምጣኔ አንድ ሆኖ ክብደታቸው ለሚለያይ ውሁዶች ነበር፤ በዚያ ፍቺ ቤንዚንም የአሴቲሊን ፖሊመር ነው። የረጅም ሰንሰለት ስም ያደረገው የጀርመኑ ሽታውዲንገር የ1920 ሥራ ነው። ግሪክኛ ሥሩ «ብዙ ክፍል» ማለት ቢሆንም፣ ትርጉሙ ካወጣው ሰው እጅ የወጣውን ቃል እኛ «ብዙ ክፍል» ብለን ምን እናተርፋለን?

እንግዲህ ሰሌዳው ላይ፦ «የኤቲሊን ሞለኪውሎች እርስ በርስ እየተቀጠሉ ፖሊኤቲሊን ይሆናሉ።» ለልጁም ግማሽ ነጥብ ይስጡት።